አባ መላ

ስሙኝማ! ዛሬ የማወጋችሁ ምኒልክን፣ ልጅ ኢያሱንና ዘውዲቱን በጦር አለቅነት ስላገለገሉ፣ ጦሩን ሁሉ በእጃቸው ይዘው ዘውድ ላይ እጃቸውን ስላላሳረፉ ሰው ነው።

የምኒልክ ጦር ጨቦ ዘምቶ ከማረካቸው መካከል አንድ ብላቴና ነበረ፤ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ የዲነግዴ ልጅ፤ ኋላ አባ መላ የተባለው። የምርኮኛ ዕጣ በዚያ ዘመን ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። እሱ ግን ቤተ መንግሥት ገብቶ አደገ። በሩቅ አሜሪካም አንድሩ ጃክሰን የሚባል ልጅ በ14 ዓመቱ በእንግሊዞች ተማርኮ፣ የመኮንኑን ጫማ አልጠርግም ብሎ በሰይፍ ተመትቷል፤ ኋላ ጄኔራል፣ ከዚያም 7ኛው ፕሬዚዳንት ሆነ። ጃክሰን የማረኩትን ወጋ፤ የእኛው ሰው ግን የማረኩትን አገለገሉ።

ዓድዋ ዘመቱ። ፊታውራሪ ገበየሁ እዚያ ሲወድቁ ማዕረጉ ለሀብተ ጊዮርጊስ ተሰጠ። ቦረናን ያቀናውም የእሳቸው ጦር ነው፤ የቦረና ሽማግሌ ቢጠየቅ ግን ስለዚያ ዘመቻ የሚነግራችሁ ሌላ ነው፤ እሱም ይሰማ። በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትርነቱ የአባ መላ ሆነ።

አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ ከምኒልክ በኋላ አገሩን የያዙትን ልጅ ኢያሱን ሻሩ። ዘውዲቱ ነገሡ፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ። የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ዝም ሊሉ ነው? የወሎን ጦር ይዘው ወደ ሸዋ ገሰገሱ። ቶራ መስክ ላይ ሊያግዷቸው የወጡት ራስ ልዑልሰገድ ከነሠራዊታቸው አለቁ። አዲስ አበባ ተሸበረች፤ የየአውራጃው ጦር ገና አልተጠቃለለም፤ ቀን ያስፈልጋል፣ ቀን! አባ መላ ያን ጊዜ ለንጉሥ ሚካኤል መልእክት ላኩ ይባላል፤ ልባቸው ከልጅ ኢያሱ ጋር እንደሆነ የሚያስመስል። ንጉሡ ዘገዩ። ጦሩ ተሰበሰበ። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ተገናኙ፤ ደም እንደ ውሃ ፈሰሰ፤ ወገን ከወገን ነውና ድል ብሎ መፎከር ይከብደኛል። ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ፤ ጃንሜዳ ላይም ለሕዝብ ታዩ።

በማግስቱ አገሩ የማን ነበር? ጦሩ የአባ መላ ነበር። ዘራቸው ለዘውድ አያበቃም ትሉኝ ይሆናል፤ ጉልበት ያለው ዘር ሲፈጥር ግን ታሪካችን ብዙ አይቷል። እሳቸው ዘውዱን ለዘውዲቱ ጠበቁ። በ1910 ዓ.ም. መሐል ሰፋሪ የሚባለው ጦር ተነሥቶ ሚኒስትሮቹ ሁሉ ይውረዱልን ሲል፣ ከቦታቸው ያልተነሡት እሳቸው ብቻ ናቸው። ለአዲስ ነገር አይቸኩሉም፤ የተፈሪን ፍጥነት ይገቱ ነበር። በዚህ የሚወቅሷቸው አሉ፤ እኔ ግን ያን ሁሉ ጊዜ የዘውዲቱንና የተፈሪን ወገን ከመተላለቅ የያዘ ሚዛን እሳቸው ነበሩ እላለሁ።

ለዚህም ምስክሩ ሞታቸው ነው። ታኅሣሥ 1919 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም በዚያው ሰሞን አርፈው ነበር። ተፈሪ ወዲያው የአባ መላን ጦር ጠቀለሉ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ንጉሥ ተባሉ።

አዲስ አበባ፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ በታች ያለው ድልድይ በስማቸው ይጠራል፤ የታክሲ ረዳቱ ቀኑን ሙሉ ስማቸውን ሲጣራ ይውላል። ልጃችሁን ይዛችሁ ስታልፉ፣ ከጨቦ ተማርኮ የመጣው ብላቴና ማን እንደነበረ ንገሩት።