ፊሽካ ሳይነፋ የወጣ ልጅ

እስቲ ዛሬ ስለ አንድ ትንሽ ስለሚመስል ነገር ላውራችሁ፤ ፊሽካ ሳይነፋ ሩጫ ስለሚጀምር ልጅ።

ከዓመታት በፊት ዲምቱ ላይ፣ በተማሪዎች የስፖርት ቀን፣ የ100 ሜትር አስጀማሪ ነበርኩ። ሜዳው አቧራ፣ መስመሩ ኖራ፣ መሣሪያዬ ፊሽካ። "ተዘጋጁ" ብዬ ትንሽ ቆየሁ። አንዲት ልጅ ሳልነፋ ወጣች። በባዶ እግሯ ሀያ ሜትር ያህል ከሮጠች በኋላ ብቻዋን መሆኗን አይታ ቆመች። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሕግ አዋቂ ልምሰል ብዬ "ውጪ!" አልኳት። በዓመቱ ስሟን ስጠራ "አልሮጥም ጋሼ" አለችኝ። ያቺ መልስ እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች። የሕጉን ታሪክ ማገላበጥ የጀመርኩትም ከዚያ በኋላ ነው።

በጥንት ግሪኮች ዘንድ ቀድሞ የወጣ ሯጭ ይገረፍ ነበር። ሄሮዶቱስ እንደሚተርከው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480፣ ከሳላሚስ ጦርነት በፊት፣ ቴሚስቶክሊስ በአዛዦች ስብሰባ ላይ ቸኩሎ መናገር ሲጀምር የቆሮንቶሱ አዛዥ ይህንኑ የግርፋት ቅጣት አስታወሰው። ቴሚስቶክሊስ ደግሞ ወደኋላ የሚቀሩትም ዘውድ እንደማይደፉ መለሰለት። ልብ በሉ፣ ልጅ ቀድሞ የሚወጣው ሁልጊዜ ሊያታልል ፈልጎ አይደለም። እንዳይቀደም ፈርቶም ነው።

በዘመናችን ግርፋቱ ቀርቶ ማባረር መጣ። እስከ 2002 (ዘመኑ እንደ አውሮፓ ነው) እያንዳንዱ ሯጭ አንድ ጊዜ ይታለፍ ነበር። ሊንፎርድ ክሪስቲ በ1996 አትላንታ ላይ የወጣው ሁለተኛውን ሲሠራ ነው። ከ2003 ጀምሮ አንዱ ካጠፋ ማስጠንቀቂያው ለሁሉም ሆነ፤ በዚያው ዓመት ፓሪስ ላይ ጆን ድራመንድ "አልተንቀሳቀስኩም" ብሎ ትራኩ ላይ ተኛ። ከ2010 ወዲህ ደግሞ ምሕረት የለም፤ በመጀመሪያው ስህተት ትወጣለህ። በ2011 ዴጉ ላይ ዩሴን ቦልት ራሱ በ100 ሜትር ፍጻሜ ሳይሮጥ ቀረ።

እኛ የረጅም ርቀት ሰዎች ስለሆንን ይሄ ብዙም አያስጨንቀንም። ግን አስቡት፦ ተኩሱ ከተሰማ በኋላ ከ0.1 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ የተንቀሳቀሰ ሯጭ ቀድሞ እንደወጣ ይቆጠራል። ኃይሌ በ2000 ሲድኒ ላይ፣ ከ10,000 ሜትር በኋላ፣ ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው! ስለዚህ ቀድሞ የወጣን ዝም ማለት ፍርድ አይደለም። ጥያቄው ልጅ ከሆነ ምን እናድርገው ነው።

ያሳመነኝን መልስ ያገኘሁት እኛ ጋ ከማይታወቅ ጨዋታ ነው፤ ከቤዝቦል። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ አንዱ በዱላ ይመታል፣ ሌሎች ከማረፊያ ወደ ማረፊያ ይሮጣሉ። በ1939 አሜሪካ ውስጥ ዊሊያምስፖርት ላይ የተጀመረው የልጆች ሊግ፣ ኳሷ መቺው ጋ ሳትደርስ ማረፊያውን መልቀቅን ይከለክላል። ልጁ ቀድሞ ከለቀቀ ዳኛው ምልክት እንዲሆን መሐረብ ይጥላል፤ ጨዋታው ግን ይቀጥላል። ኳሷ ካልተመታችና ተጋጣሚዎቹ ሯጩን ካላስወጡት፣ ወደነበረበት ይመለሳል። በቃ! ያለአግባብ ያገኘውን ርቀት ይቀሙታል እንጂ ጨዋታውን አይቀሙትም።

አሁን እኔም እንዲሁ ነው የማደርገው። ቀድሞ የወጣውን ልጅ ጠርቼ ወደ ኖራው እመልሰዋለሁ፤ ሁሉም ረግተው እስኪቆሙ ጠብቄ እንደገና አስጀምራለሁ። ሁለተኛ ከደገመ በኋላ ነው የሚወጣው።

ያን ቀን "ተዘጋጁ" ብዬ ፊሽካውን ያዘገየሁት እኔ ነበርኩ። ልጅቷ ቀድማ ወጣች ከማለቴ በፊት እኔ ዘግይቼ እንደሆነ ራሴን መጠየቅ ነበረብኝ።

እናንተ ጋ ልጆችን የምታስጀምሩ መምህራን፣ እንዴት ነው የምትዳኙት? እስቲ ጻፉልኝ።