የክፍል አለቃው ጠመኔ

አቃቂ የሠራተኛ ሰፈር ናት። መጀመሪያ የጅቡቲው ባቡር፣ ኋላም የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ከየአቅጣጫው ሰው አመጡላት። በእኛ ክፍል ከነባሩ የኦሮሞ ገበሬ ልጅ ጎን የጉራጌ፣ የአማራና የወላይታ ልጆች በአንድ ዴስክ ተጣብበን እንቀመጥ ነበር።

ታላላቆቻችን በንጉሡ ዘመን ግብረ ገብ ተምረዋል። እኔ የደረስኩት በደርጉ የፖለቲካ ትምህርት ነው፤ የመደብ ትግልን በቃላችን ሸመደድን። መከባበርንና ፍትሕን ግን ያወቅነው ከጥቁር ሰሌዳው ነው። መምህሩ ሲወጡ የክፍል አለቃው የረባሾችን ስም ይጽፋል። የገዛ ጓደኛው ሲያወራ ስሙን ይጽፈዋል ወይስ ያልፈዋል? ክፍሉ በሙሉ ዓይኑ ጠመኔው ላይ ነው። ያዳላ አለቃ ከዚያ በኋላ የሚሰማው የለም።

በ1986 የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሲወጣ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር መጣ። ልጆቼ ከሕግ የበላይነት እስከ ቁጠባ ያሉትን 11 እሴቶች ለፈተና ሲያጠኑ ሰምቻለሁ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ግብረ ገብ ወደ አንደኛ ደረጃ ተመልሷል፤ የዜግነት ትምህርት ከ7ኛ ክፍል ይጀምራል።

መንግሥት በተለወጠ ቁጥር መጽሐፉም ተለውጧል። ልጅ ግን፣ እኛ ከአለቃው ጠመኔ እንደተማርነው፣ ፍትሕን የሚማረው ሲደረግ አይቶ ነው። መምህራንና ወላጆች ሆይ፣ የምናስተምረውን አስቀድመን እንኑረው።