የግል መግለጫ (ለትምህርት ድኅረ ምረቃ)

በትምህርት ዘርፍ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር የሚያመለክት ሰው ያለፈ ሥራውን፣ ሊያጠና የሚሻውን ጉዳይና ምክንያቱን የሚያስረዳበት አጭር ጽሑፍ ነው፤ ብዙዎች «ሞቲቬሽን ሌተር» ይሉታል። በአገር ውስጥ ዋናው ማጣሪያ ብሔራዊው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ስለሆነ፣ መግለጫው ይበልጥ የሚፈለገው እንደ አሜሪካው ፉልብራይትና እንደ ጀርመኑ ዳድ ላሉ የውጭ ነፃ የትምህርት ዕድሎች ነው።

ለምሳሌ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል መምህር የሚጽፈው አያጣም። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ሲሆን፣ በርታ፣ ጉሙዝና ሺናሻ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ውስጥ ገብተዋል፤ ማኦና ኮሞም ይነገራሉ። አሶሳ ውስጥ በበርታ አፉን የፈታ ልጅ የአማርኛውን አንቀጽ ሳይደናቀፍ አንብቦ «ምን ይላል?» ሲባል ዝም ቢል፣ መምህሩ ያን ጊዜ ምን እንደሞከረና የትኛው እንዳልሠራለት መጻፉ «መምህርነት የተከበረ ሙያ ነው» ከሚለው የተለመደ መክፈቻ እጅግ ይበልጣል። ገምጋሚው ከእንዲህ ያለ ገጠመኝ የጥናት ጥያቄ ያገኛልና። በክልሉ መተከል ዞን በተነሣው ግጭት ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት አመልካችም ከመከራው ይልቅ ትምህርቱን እንዴት እንደቀጠለ ቢያብራራ ይሻላል።

በ2003 ዓ.ም. የተመሠረተው አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ለአሶሳ አካባቢ አመልካቾች በቅርብ ስላለ፣ ረቂቁን ለአንድ የትምህርት ክፍል መምህር ማስነበብ ይቻላል።