ጨፋ ላይ አምባዛ የት ይፈለፈላል?

ከከሚሴ ወጣ ብላችሁ ጨፋን በክረምት ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ቦርከና ይሞላና ሜዳው ላይ ይተኛል፣ ሳሩ ውሃ ውስጥ ይገባል። በበጋ ከብት የሚሰማራበት ይህ ሜዳ ለአምባዛ መራቢያ የሚመች ነው። አምባዛ ዝናብ ሲጀምር ጥልቀት ወደሌለው፣ ሳር ወዳለበት ውሃ ወጥቶ እንቁላሉን ይጥላል። እንቁላሉ ሳሩ ላይ ይጣበቃል፤ ውሃው ሞቅ ካለ በአንድ ቀን ገደማ ይፈለፈላል።

ኩሬ ውስጥ ግን ጎርፍ የለም፤ አምባዛም በራሱ እምብዛም አይራባም። ስለዚህ የዓሳ ማራቢያ ጣቢያዎች ሴቷን ሆርሞን ይወጓታል፤ ብዙ ጊዜ ከሌላ ዓሳ አንጎል ሥር የሚወጣ እጢ ነው። ከሰዓታት በኋላ ሆዷን ጫን ጫን ሲያደርጉት እንቁላሉ ይወጣል። ወንዱ ላይ ይህ አይሠራም፤ ሆዱ ተከፍቶ ነው ዘሩ የሚወሰደው (አዎ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል)። ቆሮሶ ቀላል ነው፤ ሴቷ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች። እንዲያውም ችግሩ መብዛቱ ነው፤ ኩሬው ይሞላና ሁሉም ቀጭጮ ይቀራል።

ታዲያ ጫጩት አራብቶ መልቀቅ ይበቃል? ጣናን እንይ። እዚያ ከ15 በላይ የነጭ ዓሳ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ በዓለም ሌላ ቦታ አይገኙም። ከፊሎቹ በክረምት ለመራባት እንደ ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ፤ መረቡም የሚጠብቃቸው ወንዙ አፍ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የነጭ ዓሳው ክብደት በ75 በመቶ፣ የትንንሾቹ ቁጥር ደግሞ በ90 በመቶ መቀነሱን ተመራማሪዎች ጽፈዋል። መራቢያ መንገዱ ከተዘጋ ጣቢያ ውስጥ የተፈለፈለውም ነገ የሚወልድበት ቦታ የለውም።

ቦርከና ጨፋ የሚደርሰው ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ ነው። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፍሳሽ በትንንሽ ወንዞች በኩል ይገባበታል፤ በእነዚህ ወንዞች ውስጥ እንደ ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች ተለክተዋል። ትልቁ አምባዛ ውሃው ኦክስጅን ቢያጣ ብቅ ብሎ አየር ይስባል። አዲስ የተፈለፈለው ግን አየር መሳቢያው ገና አላደገም፤ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። ረግረጉ ለእርሻ ሲጠነፈፍ ደግሞ ሳሩም ይሄዳል።

ወደ ቦርከና ጫጩት ይለቀቅ ከተባለም፣ ወላጆቹ ከዚሁ ከአዋሽ ተፋሰስ ይመረጡ እንላለን። የጣና አምባዛ መልኩ ቢመሳሰልም ያደገው በሌላ ውሃ ነው፤ ዘሩ አንዴ ከተደባለቀ ለቅሞ ማውጣት የለም።