የመጽሐፉ ዋጋና የቅጂው ዋጋ፤ የሚና ጨዋታ መጻሕፍት የገበያ ታሪክ

በ1974 መጀመሪያ ላይ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ፣ በዊስኮንሲን ግዛት በምትገኘው ሌክ ጄኔቫ በተባለች ትንሽ ከተማ፣ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የደረሱት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለ ጨዋታ ለሽያጭ ቀረበ። መጀመሪያ የታተመው 1,000 ቅጂ ሲሆን፣ የእንጨት መልክ ባለው ወረቀት በተለበጠ ሣጥን ውስጥ ሦስት ቀጫጭን መጻሕፍት ተቀምጠውበታል። ዋጋው 10 ዶላር ነበር። ጨዋታው የሚደረደር ጠጠርም ሆነ የግድ የሚያስፈልግ ሰሌዳ የለውም። ተጫዋቾች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይይዛሉ፤ አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ የሚያጠራጥረው ነገር ሁሉ በሚወረወር ባለ ብዙ ገጽ የዕጣ ጠጠር ይወሰናል። እንግዲህ ገዢው የገዛው ከዕቃው ይልቅ ሕጉን ነው፤ ሕግ ደግሞ በቀላሉ የሚገለበጥ ነገር ነው።

መገልበጡም ወዲያው ተጀመረ። ለሦስት ቀጫጭን መጻሕፍት 10 ዶላር ብዙ የመሰላቸው ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ባለው የፎቶ ኮፒ መኪና እያባዙ ተከፋፈሉት። ያለፈቃድ ማባዛት ከኮምፒዩተር ጋር የመጣ በሽታ ነው የሚለው አስተያየት፣ ቢያንስ በዚህ የመጽሐፍ ዓይነት ረገድ፣ በታሪክ የተደገፈ አይደለም። አሳታሚው ድርጅት ቲ.ኤስ.አር. የሰጠው መልስ ለገዢው ፎቶ ኮፒ የማይተካውን ነገር ማቅረብ ነበር። በ1977 እና በ1978 ጠንካራ ሽፋን ያላቸው፣ በሥዕል ያጌጡ ጥራዞች በ9 ዶላር ከ95 ሳንቲም ወጡ። ከዚያ ወዲህ የዚህ ዓይነት መጽሐፍ ዋጋ ከጥራዙ ክብደትና ከሥዕሉ ውበት ጋር ተያይዞ ቀረ። በ1997 ቲ.ኤስ.አር.ን የገዛው ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት የጨዋታውን ሦስተኛ እትም በ2000 ሲያወጣ የተጫዋቾችን መጽሐፍ በ19 ዶላር ከ95 ሳንቲም ሸጠው፤ በ2003 የተሻሻለው እትም ግን 29 ዶላር ከ95 ሳንቲም ገባ።

በ2000 ከወጣው እትም ጋር ኩባንያው የጨዋታውን መሠረታዊ ሕግ ሌሎች ደራስያን እንዲጠቀሙበት የሚፈቅድ ውል አወጣ። ማተሚያ ቤት ለመክፈል አቅም ያልነበራቸው ጸሐፊዎች ይህን ዕድል ይዘው ሥራቸውን በፒዲኤፍ ማቅረብ ጀመሩ። በ2001 አርፒጂናው፣ በ2004 ደግሞ ድራይቭስሩ አርፒጂ የተባሉት የኢንተርኔት መደብሮች ተከፈቱ። የኋለኛው ሲጀምር ፋይሉን በኤሌክትሮኒክ ቁልፍ ቆልፎ ይሸጥ ነበር፤ ገዢዎች ስላማረሩ ብዙም ሳይቆይ ቁልፉን ትቶ የገዢውን ስም በየገጹ ግርጌ ማተምን መረጠ። ሁለቱ መደብሮች በ2006 ተዋሐዱ።

የዋጋው ጥያቄ አፍጥጦ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ወረቀትም ቀለምም መጋዘንም የሌለው ቅጂ ስንት ሊሸጥ ይገባዋል? ገዢው «ምንም ካልታተመ ምንም ሊያስከፍል አይገባም» ይላል፤ አሳታሚውም «የደራሲው፣ የአራሚውና የሠዓሊው ድካም በሁለቱም አንድ ነው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው፤ የንግዱ ስሌት ግን ከሁለቱም ይለያል። በዚህ የንግድ ዘርፍ በተለመደው አሠራር፣ በአከፋፋይና በቸርቻሪ በኩል የሚሸጥ መጽሐፍ ለአሳታሚው የሚያስገባለት ሽፋኑ ላይ ከተጻፈው ዋጋ 40 በመቶ ያህሉን ነው። ከ50 ዶላር መጽሐፍ 20 ዶላር ይደርሰዋል ማለት ነው፤ የማተሚያውን፣ የማጓጓዣውንና ሳይሸጥ የሚቀረውን ኪሳራ የሚከፍለውም ከዚሁ ነው። ለድራይቭስሩ አርፒጂ ብቻ የሚሸጥ አሳታሚ ደግሞ ከፋይሉ ዋጋ 70 በመቶ ይወስዳል። ስለዚህ የ10 ዶላር ፋይል 7 ዶላር ያስገኛል፤ ከዚያ ላይ የሚቀነስ የኅትመት ወጪ የለም። ርካሹ ቅጂ አሳታሚውን እንደሚመስለው አይጎዳውም፤ ይልቁን የሚጎዳው ባለሱቁን ነው።

2009 በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የከበደው ዓመት ነው። በአፕሪል ወር ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት አዲስ መጽሐፉን ያለፈቃድ በኢንተርኔት አሰራጭተዋል ያላቸውን ስምንት ሰዎች ከሰሰ፤ በዚያው ቀንም የፒዲኤፍ ቅጂዎቹ በሙሉ ከየመደብሩ እንዲነሡ አደረገ። ገንዘባቸውን በሕጋዊ መንገድ ከፍለው የገዙ ሰዎች እንኳ የገዙትን ፋይል ዳግመኛ ከመደብሩ ለማውረድ የተሰጣቸው ጊዜ እጅግ አጭር ነበር። ያለፈቃድ የተባዛው ቅጂ እንደ ልብ ሲገኝ፣ ከፍሎ መግዛት የሚፈልግ ሰው የሚገዛበት በር ተዘጋበት። ይህ ሁኔታ እስከ 2013 መጀመሪያ ድረስ ቆየ።

በዚያው ዓመት በኦገስት ፓይዞ የተባለው አሳታሚ ፍጹም ተቃራኒውን አደረገ። «ፓዝፋይንደር» የተባለውን 576 ገጽ ጥራዝ በ49 ዶላር ከ99 ሳንቲም፣ የዚያኑ መጽሐፍ ፒዲኤፍ ደግሞ በ9 ዶላር ከ99 ሳንቲም ሸጠ። የቅጂው ዋጋ ከመጽሐፉ አንድ አምስተኛ ብቻ ሆነ ማለት ነው። ሆኖም ጥራዙ ገዢ አላጣም፤ እንዲያውም ጨዋታው የዋናው ተፎካካሪ ለመሆን በቃ። «ኢክሊፕስ ፌዝ» የተባለው ጨዋታ አዘጋጆች ከዚህም አልፈው፣ ሥራቸውን ለንግድ እስካልዋለ ድረስ ማንም እንዲያባዛው በክሪየቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለቀቁት፤ ፋይሉን ራሳቸው አሰራጩ፤ መጽሐፉንም መሸጣቸውን አልተዉም። በ2010 ደግሞ ጥቂት አሳታሚዎች ቢትስ ኤንድ ሞርታር በተባለ ስምምነት ከሠፈር ሱቅ የታተመውን መጽሐፍ ለገዛ ሰው ፒዲኤፉን በነጻ መስጠት ጀመሩ። ባለሱቁን ያስታወሰው መፍትሔ ይኸው ነበር።

ትልቁ ኩባንያ ግን በሌላ መንገድ ሄደ። በ2014 አምስተኛው እትም ሲወጣ የተጫዋቾች መጽሐፍ 49 ዶላር ከ95 ሳንቲም ሆነ፤ የመጀመሪያው ደረጃ ሕግ በነጻ ቢታደልም ሙሉው መጽሐፍ በፒዲኤፍ አልተሸጠም። በ2017 ዲ ኤንድ ዲ ቢዮንድ የተባለው አገልግሎት ያንኑ መጽሐፍ በ29 ዶላር ከ99 ሳንቲም አቀረበ፤ የታተመውን የገዛ ሰውም ዲጂታሉን ከፈለገ እንደገና መክፈል ነበረበት። ከዚያም በላይ ገዢው የሚያገኘው ፋይል ሳይሆን በአገልግሎቱ መዝገብ ውስጥ ገብቶ የማንበብ ፈቃድ ነው። እናት ኩባንያው ሃስብሮ ይህን አገልግሎት በ2022 በ146.3 ሚሊዮን ዶላር መግዛቱ ፈቃድ መሸጥ ምን ያህል እንደሚያዋጣ ያሳያል።

የሁለቱ ዋጋ ልዩነት ከወረቀት ይልቅ በባለቤትነት ላይ የቆመ ነው የሚያሰኘውም ይኸው ነው። በ1908 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ተመሳሳይ ጉዳይ ተመልክቶ ነበር። ቦብስ ሜሪል የተባለው አሳታሚ በልብ ወለዱ ላይ «ከ1 ዶላር በታች አይሸጥም» ብሎ ቢያትምም፣ ሜሲስ የተባለው መደብር በ89 ሳንቲም ሸጠው። ፍርድ ቤቱም መጽሐፉ አንድ ጊዜ ከተሸጠ በኋላ አሳታሚው በዳግም ሽያጩ ዋጋ ላይ ሊያዝ አይችልም ሲል ወሰነ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ግን በዲሴምበር 2019 በሰጠው ፍርድ ይህ መብት በኢንተርኔት ለሚወርድ ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ እንደማያገለግል ወስኗል። የ1978ቱን ጥራዝ የያዘ ሰው ዛሬም ሊሸጠው፣ ሊያውሰው፣ ለልጁ ሊያወርሰው ይችላል።

በኦገስት 2024 አዲሱ እትም ሊወጣ ሲል ኩባንያው በዲ ኤንድ ዲ ቢዮንድ ላይ ተጫዋቾች በየገጸ ባሕርያቸው መዝገብ ያሰፈሯቸው የአስማትና የዕቃ ሕጎች በአዲሶቹ እንደሚተኩ አስታወቀ። የቀድሞውን ገንዘብ ከፍለው የገዙ ሰዎች ተቃውሞ ስለበረታ ውሳኔው በዚያው ወር ተሻረ። የ2014ቱ ጥራዝ በመደርደሪያው ላይ ያለ ሰው በዚያ ሰሞን ምንም የሚያሳስበው ነገር አልነበረም። አዲሱ መጽሐፍ በሴፕቴምበር ወጣ፤ የታተመው 49 ዶላር ከ99 ሳንቲም፣ ዲጂታሉ 29 ዶላር ከ99 ሳንቲም።