ምሳ ዕቃ የያዘው ዘፋኝ

እንዴት ናችሁ ወዳጆቼ? ደህና? «ደህና» ካላችሁኝ ወንበራችሁን ቀረብ አድርጉ፤ የዛሬው ጨዋታ ስለዚህችው ቃል ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ከአፋችን አትጠፋም፤ ከመልመዳችን የተነሳ ግን ልብ ብለን ሰምተናት አናውቅም። እኔ ዋጋዋን የተማርኩት ሺህ ጊዜ «ደህና ነኝ» እያልኩ ካደግኩበት ሰፈር ሳይሆን ከአንድ አሜሪካዊ ተብታባ ዘፋኝ ነው። ዓመቱን እንደ ፈረንጆቹ እየቆጠርኩ ላውጋችሁ።

ዌስት ቨርጂኒያ የምትባል ተራራማ ግዛት አለች። በተራሮቿ ሆድ ውስጥ የድንጋይ ከሰል፣ በተራሮቿ ሥር የከሰል ቆፋሪዎች መንደር። ከነዚያ መንደሮች አንዷ ስላብ ፎርክ ትባላለች። በ1938፣ አሜሪካ ልደቷን ርችት እየተኮሰች በምታከብርበት በጁላይ 4 ቀን፣ እዚያች መንደር ውስጥ ለቤቱ ስድስተኛና የመጨረሻ የሆነ ወንድ ልጅ ተወለደ። ቢል ዊዘርስ አሉት። ያደገው እዚያው አቅራቢያ ባለችው ቤክሊ ነው። አባቱ ከሰል ቆፋሪ ነበር፤ ልጁ 13 ዓመት ሲሆነው ሞተበት።

ልጁ አስም አለበት። ከአስሙ የከፋው ግን ምላሱ ነው። ይንተባተባል። እንዲህ ያለ ልጅ በየሰፈራችን አይተናል መቼም። መምህሩ ስም ሲጠሩ «አቤት» የምትለዋ ቃል ጉሮሮው ላይ ተቀርቅራ ትቀርበታለች። ከኋላ ያሉት ይስቃሉ። ደጉ ሰው ደግሞ አዘንኩለት ብሎ ቃሉን ከአፉ ነጥቆ ይጨርስለታል፤ ይሄኛው ከሳቁ ይብሳል። ልጁ ቀስ በቀስ ዝምታን ይመርጣል፤ ሱቅ ሲላክ እንኳን ሊጠራው የሚችለውን ዕቃ እንጂ የተላከበትን አይገዛም።

ሙሴም አፉ የተያዘ ሰው ነበር፤ ግን የሚናገርለት ወንድሙ አሮን ተሰጠው። ቢል አሮን አልነበረውም። አያት ነበረችው።

የእናቱ እናት ናት። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን አብሯት ይሄዳል። እሷ ታጨበጭባለች፣ እሱ አጠገቧ ሆኖ እጆቿን ያያል። በዕድሜ ብዛት የሚያብጡ፣ የሚያሙ እጆች ናቸው፤ መዝሙሩ ሲነሳ ግን ሕመማቸውን ይረሳሉ። ሰው ሁሉ ይሄ ልጅ ምን ይሆን ይሆን እያለ ሲያየው፣ ደህና ትሆናለህ የምትለው እሷ ነበረች። ከዓመታት በኋላ ስለነዚያ እጆች የሠራው «ግራንድማስ ሃንድስ» ዘፈን ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። ስለ አያት ከዚያ በላይ መናገር የሚያስፈልገው ሰው ያለ አይመስለኝም።

የሙዚቃው ምንጭ ከየት ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ ቤቱን አሳያችኋለሁ። በጥቁሮችና በነጮች ሰፈር ድንበር ላይ ነበር የሚኖሩት። በአንድ በኩል ካንትሪ የሚባለው የነጮቹ ሙዚቃ ከነጊታሩ ይመጣል፤ በሌላ በኩል ከቤተ ክርስቲያን የጥቁሮቹ መዝሙር። ሰዎቹን ሕግና ልማድ ለያያቸው፤ ድምፁ ግን አጥር አያውቅም፣ ልጁ ጆሮ ውስጥ ገብቶ ተጋባ። በኋላ ሶል ሙዚቃ ተብሎ የተሸጠውን የቢልን ዘፈን አድምጡ፤ አነጋገሩ እንደ ገበሬ ዘፈን ቀጥተኛና አጭር ነው፣ ትንፋሹ ግን ከመዝሙር ቤት የመጣ ነው።

በ17 ዓመቱ ባሕር ኃይል ገባና ዘጠኝ ዓመት አገለገለ። ምላሱ የተፈታለት ወደ 28 ዓመቱ ገደማ ነው። እንዴት? ስለራሱ የደረሰበትን በኋላ ተናግሯል። ከፊቱ የቆመውን ሰው ሁሉ በልቡ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል፤ ምን ይለኝ ይሆን ብሎ ይፈራል፤ ፍርሃቱ ምላሱን ያስረዋል። የመንተባተብ ምክንያት ብዙ ነው፤ ይሄ የእሱ ነው። ታዲያ ያንን ሰው ከወንበሩ አወረደው። አልገፈተረውም፣ እንደ እኔው ሰው ነው ብሎ አጠገቡ አስቀመጠው። ራስን መውደድ የምንለው ነገር ለቢል የጀመረው እዚህ ላይ ነው እላለሁ፤ ራሱን ከፍ በማድረግ ሳይሆን ሰውን ሁሉ በእኩል መቀመጫ በማስቀመጥ።

ዘፋኝ የመሆን ሐሳቡ ግን እንዲህ የተቀደሰ አይደለም፤ ሳቁ። ኦክላንድ ውስጥ አንድ የምሽት ክበብ ገባ። በዚያ ምሽት ሉ ሮውልስ የሚባለው ዘፋኝ ይዘፍናል፤ ዘግይቷል። የክበቡ ኃላፊ «በሳምንት ሁለት ሺህ ዶላር እየከፈልኩት በሰዓቱ አይመጣም» ብሎ ያጉረመርማል። ቢል በሰዓት ሦስት ዶላር ነው የሚያገኘው። ቆይቶ ሮውልስ ገባ፤ ቆነጃጅቱ ከበቡት። የእኛ ሰው ይህን አየና ከመያዣ ሱቅ ርካሽ ጊታር ገዝቶ መማር ጀመረ።

በ1967 ሎስ አንጀለስ ገባ። ቀን ቀን የአውሮፕላን ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ለቦይንግ 747 ሽንት ቤት ይሠራል። ማታ ማታ ዘፈን ይጽፋል። ከደሞዙ አጠራቅሞ የሙከራ ቅጂ አስቀረጸ። ቅጂው ሰሴክስ የሚባል አነስተኛ አሳታሚ ባለቤት ከነበረው ከክላረንስ አቫንት እጅ ደረሰ፤ አቫንትም ሥራውን ከሚመራለት ከስመ ጥሩው ኦርጋን ተጫዋች ከቡከር ቲ ጆንስ ጋር አገናኘው።

ስቱዲዮ የገቡ ዕለት የሆነውን ቡከር ቲ ራሱ ሲያወራው ኖሯል። ቢል ዙሪያውን ያያል፤ ሙዚቀኞቹ ተሟልተዋል፣ የቀረ ሰው ያለ መስሎታል። ቡከር ቲን ጠጋ ብሎ፣ እነዚህን ዘፈኖች የሚዘፍናቸው ማነው ብሎ ጠየቀው። አንተ ነህ አለው። ይታያችሁ፣ ዘፈኖቹን የጻፈው እሱ ነው፣ ዕድሜው 32 ዓመት ነው፣ ማይክሮፎኑ ፊቱ ተተክሏል፤ አሁንም የሚናገርለት አሮን እስኪመጣ ይጠብቃል።

አሁን ጆሮ ስጡኝ። «ኤይንት ኖ ሰንሻይን» የሚባለው ዘፈን መሃል ላይ ባዶ ቦታ ነበረው። ቢል ቀሪውን ግጥም በኋላ እሞላዋለሁ ብሎ እስከዚያው «አውቃለሁ» የሚል ትርጉም ያላትን የእንግሊዝኛ አባባል ይደጋግም ጀመር። ሙዚቀኞቹ እንዳለ ተወው አሉት። እኔ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ እነሱ የታወቁ ባለሙያዎች፤ ምን ብዬ እከራከራለሁ ብሎ ተወው። ቁጠሯት፤ 26 ጊዜ ነው የሚላት። መሣሪያዎቹ ገለል ይሉለታል፣ እሱ ያንኑ፣ ያንኑ፣ ያንኑ ይላል። ልጅ ሆኖ አንድ ቃል ከሁለት ጊዜ በላይ አፉ ላይ ሲመላለስ ሰው ይስቅ ነበር። በ1971 ያው ሰው ያንኑ ቃል 26 ጊዜ መላለሰው፤ ሬዲዮ የከፈተ ሁሉ ትንፋሹን ይዞ አደመጠው። ያፈረበት ነገር ዜማ ሆነለት። ዘፈኑ የወጣው በሸክላው ጀርባ ነበር፤ ፊት ለፊት የነበረው «ሃርለም» ነው። ሸክላውን የገለበጡት የሬዲዮ አጫዋቾች ናቸው።

የመጀመሪያ አልበሙን ሽፋን አይታችሁት ታውቁ እንደሆነ፣ ቢል በፋብሪካው የጡብ ግድግዳ አጠገብ ቆሞ ፈገግ ብሏል። በእጁ ምሳ ዕቃውን ይዟል። ፎቶው የተነሳው በምሳ ሰዓት ነው። የአልበሙ ስም ደግሞ «ጀስት አዝ አይ አም» ነው፤ «እንዲሁ እንዳለሁ» እንደማለት። ዘፋኝ ሁሉ ለሽፋን የሌለውን ልብስ ተውሶ በሚለብስበት ዘመን እሱ ምሳ ዕቃውን ይዞ ወጣ። ሙዚቃ የሚታመን እንጀራ አይደለም ብሎ ሥራውንም አልለቀቀም ነበር። በኋላ ከሥራ ተቀነሰ። ቀጥሎ ሁለት ደብዳቤ መጣለት፤ አንዱ ወደ ፋብሪካው እንዲመለስ የሚጠራው፣ ሌላው ለጆኒ ካርሰን የቴሌቪዥን ዝግጅት የሚጋብዘው። ሸክላው ሲሸጥለት ደግሞ አሳታሚው በወርቅ ቀለም የተለበጠ የሽንት ቤት መቀመጫ ሸለመው።

በ1972 «ሊን ኦን ሚ» መጣ፤ «ተደገፍብኝ» ማለት ነው። አዲስ የገዛው ፒያኖ ላይ ተቀምጦ፣ ጀማሪ እንደመሆኑ ጣቶቹን ሳይቀያይር ቁልፎቹን ወደ ላይ ወደ ታች ተራመደባቸው፤ ዜማው ያ ነው። ሐሳቡ የስላብ ፎርክ ነው። ጎረቤት ሲቸገር ጎረቤት ይደርሳል፣ እኛ እድር እንደምንለው ነገር። ዘፈኑ በአሜሪካ አንደኛ ወጣ። በ1977 ደግሞ «ላቭሊ ዴይ» ላይ አንዲት ቃል ይዞ 18 ሰከንድ ያህል ሳይተነፍስ ቆየ። አስም የነበረበት ልጅ ነው ብያችኋለሁ።

«ላቭሊ ዴይ»ን ሲያወጣ ኮሎምቢያ ወደሚባለው ትልቅ አሳታሚ ገብቶ ነበር። እዚያ ያሉት አዋቂዎች ምን መዝፈን እንዳለበት ይነግሩት ጀመር። አንዱ የኤልቪስ ፕሪስሊን ዘፈን ዝፈን አለው። ስለ ጥቁሮች ሙዚቃ ጥቁሩን ለሚያስተምሩት ነጮች የቀልድ ስም አወጣላቸው። በ1985 የመጨረሻ አልበሙን አወጣና ምሳ ዕቃውን አስቀመጠ። በ47 ዓመቱ ገደማ ማለት ነው፤ ድምፁ ሳይደክም። ተገፍቶ የወጣ ሰው ቂም ይዞ ይኖራል፤ እሱ ግን ሁለት ልጆቹን አሳደገ፣ ሚስቱ የዘፈኖቹን መብት አስተዳደረች፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን አየ።

አንድ ቀን የዶሮ ምግብ ቤት ገባ። አጠገቡ ከቤተ ክርስቲያን የመጡ የሚመስሉ ሴቶች ስለ አንድ የቢል ዊዘርስ ዘፈን ያወራሉ። ልጫወትባቸው ብሎ፣ ቢል ዊዘርስ እኮ እኔ ነኝ አላቸው። አንዷ ቀና ብላ አየችውና፣ አንተ ለቢል ዊዘርስ በጣም ቀይ ነህ አለችው። ይህን ሲያወራ ይስቅ ነበር። ማንነቱን በሌላ ሰው ዓይን ያኖረ ሰው በዚህ መሳቅ አይችልም፤ መታወቂያውን አውጥቶ ይከራከራል።

በ2009 የወጣው «ስቲል ቢል» የሚል ዘጋቢ ፊልም ውስጥ የሚንተባተቡ ልጆች ትያትር ወደሚሠሩበት ቦታ ሄደ። ልጆቹ ሲናገሩ ሰማና እንባው መጣ። ቃላቸውን አልነጠቃቸውም፤ ጠበቃቸው። እዚያው ፊልም ውስጥ ለራሱ ልጆች ምን እንደሚል ተናግሯል፤ በእኛ አነጋገር ልመልሰው። ወደ ድንቅ ብትነሱ መልካም ነው፤ መንገዱ ግን በደህና በኩል ያልፋል። ደህና ስትደርሱ ቆም ብላችሁ ዙሪያውን እዩት፣ ልመዱትም፤ ምናልባት ከዚያ አታልፉ ይሆናል።

ድንቅም ቢሆን ግን ደርሶበታል። በ2015 ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ሲገባ ያስተዋወቀው ስቲቪ ወንደር ነው። ቢል ይህ አንበሳ ለድመት በር እንደመክፈት ነው ብሎ አዳራሹን አሳቀው። በ2020 ማርች 30 ቀን በልብ ሕመም በ81 ዓመቱ አረፈ። ያን ሰሞን ዓለም በኮሮና በሩን ዘግቶ ነበር። ሰው መደገፊያ ትከሻ አጥቶ በየመስኮቱ «ሊን ኦን ሚ»ን ይዘፍን ነበር።

ጨዋታዬን ጨረስኩ። አያቱ ለዚያ ምላሱ ለታሰረ ልጅ ቃል የገባችለት ድንቅ እንዲሆን አልነበረም፤ ደህና ትሆናለህ ነው ያለችው፤ ሆነም። እኛም ስንለያይ የምንባባለው ይህንኑ ነው። ዛሬ ግን ቀስ ብዬ፣ ቃሏን እየሰማሁ ልበላችሁ።

ደህና ሁኑ።