ደዌን በጎረቤት ስም ስለ መጥራት

ቂጥኝ የተባለው ደዌ በአውሮፓ ገንኖ የታየው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1495 ዓ.ም. ነው። የፈረንሳይ ንጉሥ 8ኛው ሻርል ናፖሊን በያዘ ጊዜ ደዌው በሠራዊቱ መካከል ተነሣ፤ ከልዩ ልዩ አገር በደመወዝ የተሰበሰቡት ወታደሮችም ሲበተኑ ይዘውት ወደየአገራቸው ገቡ። ኢጣልያኖች «የፈረንሳይ ደዌ» አሉት፤ ፈረንሳዮች «የናፖሊ ደዌ» አሉት፤ መስኮቦችም «የፖላንድ ደዌ» ብለው ጠሩት። ነውሩን እያንዳንዱ ለጎረቤቱ ሰጠ፤ ደዌው ግን በኹሉም ቤት ተቀመጠ። የዘመኑ ሐኪሞችም ሕመምተኛውን በባዜቃ ያሹት ነበርና ብዙውን ሰው መድኃኒቱ ራሱ ጐዳው።

ምክንያቱ የታወቀው ዘግይቶ ነው። በ1905 ሻውዲንና ሆፍማን የተባሉ ጀርመኖች ደዌውን የሚያመጣውን ረቂቅ ተሐዋሲ አገኙ፤ በ1906 ቫሰርማን በደም የሚታወቅበትን ምርመራ አወጣ፤ በ1943 በአሜሪካ ማሆኒ የተባለው ሐኪም አራት ሕመምተኞችን በፔኒሲሊን አከመ። ዛሬም ዋናው መድኃኒት ይኸው ነው።

የደዌው ጠባይ ግን አታላይ ነው። የፊተኛው ቍስል ሳይታከም ይጠፋልና ሰውየው ዳንሁ ይላል፤ ተሐዋሲው ግን በውስጥ ዓመታት ቈይቶ ልብንና አእምሮን ሊጐዳ፥ ከእናትም ወደ ፅንስ ሊተላለፍ ይችላል። ስለዚህ ንጹሕ ኾነው በአንድ መጽናት ታላቅ አጥር ሲኾን፥ የሚጋቡ ኹለቱ አስቀድመው፥ ነፍሰ ጡርም በጊዜዋ ደማቸውን ቢያስመረምሩ ይገባል። የታመመው ከባለቤቱ ጋራ አብሮ ይታከም። ምሥጢሩን የሰማም ሰው ወደ ሐኪም ይምራው እንጂ አያሳፍረው፤ ያፈረ ሰው ደዌውን ይሰውራልና፥ የተሰወረውም ወደ ሌላው ይተላለፋል።